የምድጃው አፍ በማን በኩል ይሁን

እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። እናቴ «አንቺ እኮ ክርስትና ስትነሺም ውኃውን ከየት ቀዱት ብለሽ ሳትጠይቂ አልቀረሽም» ትለኝ ነበር። ስሜ ክሬሴንዝ ነው፤ ሁሉም ዜንዚ ይለኛል። አልባንን አግብቼ ኦበርሃግ መንደር ወዳለው የአባቱ ቤት ስገባ ከሙሽርነቱ ይልቅ ልቤን የያዘው ምድጃው ነበር ብል ባሌ ይቀየመኝ ይሆናል። ይቀየመኝ፣ እውነቱ እሱ ነው።

በወላጆቼ ቤት የነበረን የብረት ምድጃ ነው። የብረት ምድጃ ችኩል ነው፤ ሲያነዱት ፊት ይለበልባል፣ ዘወር ሲሉ ይቀዘቅዛል። የእነአልባን ምድጃ ግን ሌላ ነው። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ከላይ እስከ ታች በሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ሸክላ ተለብጧል፤ እያንዳንዱ ሸክላ እንደ ሳህን ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው። ዙሪያውን የእንጨት አግዳሚ አለው። ማለዳ አንዴ ይነዳል፣ በቃ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ሙቀቱን ለቀኑ አብቃቅቶ፣ ሳይሰስትም ሳያባክንም ይሰጣል። ጀርባዬን ለጥፌ ስቀመጥ እንዳለኝ የማላውቀው አጥንት ሁሉ ይፍታታል። ካልሲ የሚደርቀው እዚያ ነው፤ የተከተፈ ፖም የሚደርቀው እዚያ ነው፤ ድመቷ የምትወልደው ከአግዳሚው ሥር ነው። በዚህ ቤት ሰው ሲጣላ እንኳ ከምድጃው ራቅ ብሎ ነው። ጀርባው እየሞቀው የሚቆጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እሳቱ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። ምድጃው ግድግዳው መሀል ነው የተሠራው፤ ሆዱ ወደ ሙቁ ክፍል ነው፣ እንጨት የሚገባበት አፉ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። በዚህ የተነሳ ክፍላችን አመድ አያውቅም። ይህ በሸለቋችን የተለመደ ነው፣ እሱ አልገረመኝም። የገረመኝ ኮሪደሩ የእኛ አለመሆኑ ነው።

በእኛ አገር ወላጅ ሲሞት ልጆች ሁሉን እኩል ይካፈላሉ። ማሳው እንደ መቀነት እስኪቀጥን ይቆራረጣል፣ ቤቱም በክፍል በክፍል ይከፈላል። የባሌ አያት ሲሞቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው ቤቱን መሀል ላይ ባለው ግድግዳ ከፈሉት፤ ወዲህ ሙቁ ክፍልና ከላዩ ያሉት መኝታ ቤቶች፣ ወዲያ ወጥ ቤቱ፣ ኮሪደሩና የጓሮው ክፍል። ከዚያ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ገለባ ጨብጠው ለሁለቱ ልጆች እጣ አወጡ። ሙቁ ክፍል ለአማቴ ለሰቨሪን ደረሰ፣ ወጥ ቤቱ ለእህታቸው ለፊሎሜና። ስንቱን ሲለኩ የዋሉ ሽማግሌዎች ግድግዳው ውስጥ ምድጃ መኖሩን ረሱት። ወንድም ሆዱን ወረሰ፣ እህት አፉን ወረሰች። ጉድ ነው መቼም፤ ይህን የሚሠራ የእኛ ሸለቆ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ቢሳቅበት ጥሩ ነበር፣ ግን አልተሳቀበትም። ፊሎሜና «ገለባውን አይተህ ነው የመዘዝከው» አሉ። ሰቨሪን በክፍሉ ማዕዘን ከተሰቀለው መስቀል ፊት ቆመው «ከእንግዲህ አንቺን ባናግር ምላሴ ይድረቅ» ብለው ማሉ። ፊሎሜናም «የእኔም ይድረቅ» ብለው ማሉና በሩን ዘግተው ወጡ። ያኔ አልባን ገና ጥርሱ የሚነቀል ልጅ ነበር። እኔ ሳገባው ጢሙን የሚላጭ ሰው ሆኗል፣ ሁለቱ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጎረቤታችን ኖትቡርጋ ናት፤ እሷ ደግሞ ሳይጠይቋት ነው የምትናገረው። በመጀመሪያው ክረምት ምድጃው ሳይነድ ከረመ አለችኝ። በረዶው በመስኮቱ የውስጥ ወገን ሳይቀር ጋገረ። ሰቨሪን አንዲት ቃል ቢናገሩ ይነድላቸው ነበር፤ አልተናገሩም፤ እልህ ምላጭ ያስውጣል። በሁለተኛው ክረምት መግቢያ አንድ ቀን የፈለጡትን እንጨት ተሸክመው ኮሪደሩ በር ላይ ደረደሩና ዝም ብለው ተመለሱ። በማግስቱ ማለዳ ምድጃው ሞቆ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ አመሻሽ ላይ እንጨት ይደረደራል፣ ጎህ ሲቀድ እሳት ይነዳል።

እና እኔ ያልገባኝ ይኸውላችሁ። አክስት ፊሎሜና ወጥ ቤታቸው ውስጥ የራሳቸው የብረት ምድጃ አላቸው። የትልቁ ምድጃ ሙቀት ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ታዲያ አሮጊቷ ብርድ ኮሪደር ላይ ተንበርክከው ለተጣሉት ወንድማቸው እሳት የሚያነዱት ምን ሊጠቅማቸው ነው? አልባንን ጠየቅሁት፤ «የማይነካ ነገር አትንኪ» አለኝ። ኖትቡርጋን ጠየቅኋት፤ አንድ ቀን «ንስሐ ነው» አለች፣ ሌላ ቀን «ውለታ ልታሸክመው ነው» አለች። ሁለቱም አልጣመኝም። ንስሐ የገባ ሰው እንዲህ በየማለዳው አይተጋም፣ ውለታ ያሸከመም ዝም ብሎ አይቀርም።

ሌላም ነገር ነበር። አማቴ ማለዳ ይወርዱና ሸክላው መሞቅ ሲጀምር አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጀርባቸውን ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ያወራሉ። ብቻቸውን። ነጯ ላም ትናንት አልበላችም፣ የላይኛው መስክ አጥር ወድቋል፣ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ታሟል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እኔ አንጎላቸው ደከመ ብዬ ሰጋሁ። አልባን ሳቀብኝ። አባቱ ሁልጊዜም ከምድጃው ጋር እንደሚያወራ፣ አያቱም ያወሩ እንደነበር ነገረኝ። እርግጥ እኛ ዘንድ ለሰው የማትነግረውን ለምድጃ ንገር ይባላል፤ ግን የላም ነገር ለሰው የማይነገረው ለምንድን ነው?

በዚያ ክረምት መጨረሻ ጭስ ማውጫ ጠራጊው መጣ። ጠራጊ እኛ ጋ ጥላሸት ብቻ አይደለም የሚያወርድ፤ አይነድም ካለ አይነድም። ምድጃው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ጭቃው ረግፎ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። ጭሱ ሰው ይገድላል፣ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ፣ አለዚያ ለመጪው ክረምት አልፈቅድም አለ።

እኔ ደስ አለኝ። አንድ ሆቴል ውስጥ አፉ በመስታወት በር የተዘጋ ምድጃ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር። እሳቱ ሲደንስ እያዩ ሹራብ መሥራት! ከፈረሰ አይቀር አፉን ወደ እኛ እናዙረው፣ የመስታወት በር እናድርግለት፣ አክስትህም ከማለዳ ብርድ ይረፉ ብዬ አልባንን ወተወትኩት። እሱም ተስማማና ከምድጃ ሠሪው ከካሲያን ጋር ተነጋገረ፣ መስታወቱም ታዘዘ። ለአባቱ ሲነግራቸው የገብስ ሾርባቸውን እየበሉ ነበር። ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ «እናንተ ካላችሁ» አሉ፣ ሳይጨርሱ ወደ መኝታቸው ወጡ።

ለአክስት ፊሎሜና የምሥራቹን ልንገራቸው ብዬ በማግስቱ ማለዳ በጓሮ ዞሬ ኮሪደራቸው ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እሳቱ ተያይዞ፣ የብረቱ በር ተዘግቷል። አሮጊቷ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ሻርፓቸውን ተከናንበው፣ ጆሯቸውን ወደ ስንጥቁ ሰጥተዋል። ከስንጥቁ የአማቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል።

«...እና ምራቴ የሠራችውን ክኖደል» ይላሉ ከግድግዳው ወዲያ፣ «ያን የዳቦ ድቡልቡል ግድግዳ ላይ ቢወረውሩት ግድግዳው ነው የሚፈርስ።»

አክስት ፊሎሜና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው በሳቅ ይንዘፈዘፋሉ። ከዚያ የእሳት መቆስቆሻውን አነሱና የብረቱን በር ሁለቴ ኳ፣ ኳ አደረጉት። ወዲያ አማቴ «አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ፤ ልጅ ናት፣ ትማራለች» አሉ።

እኔ የሠራሁት ክኖደል ተሰድቦ ዝም ያልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ሁሉ ነገር በአንዴ ገባኝ። አሮጊቷ ዘወር ሲሉ አዩኝ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ።

«እኔ እሱን አላናግረውም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱም እኔን አያናግረኝም። መሐላችንን አላፈረስንም። እሱ ከምድጃው ጋር ያወራል፣ እኔ እሳት እቆሰቁሳለሁ። ይህን ሰው ካወቀው እናፍራለን፤ ካፈርን ያበቃል። ገባሽ?»

ለማንም ላልናገር ቃል ገባሁ። ከዚያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ ሲሉኝ፣ እኔ ምላሴ ልጓም የለውም፣ ነገርኳቸው። አፉ ወደ እኛ ሊዞር ነው፣ ከእንግዲህ ማለዳ አይነሱም አልኩ። አክስት ፊሎሜና የአመዱን መዛቂያ አነሱ።

«እንግዲህ ተኝቼ ላረፍድ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቱን ጠላሁት። አልባንን ይቅርብን አልኩት። ለምን አለኝ። እንዲሁ አልኩት። «አንቺ ያለ ምክንያት? አንቺ እኮ ዝናቡንም ለምን ዘነብክ የምትይ ነሽ» አለኝና ሳቀ፤ ታዟል፣ ተከፍሎበታል፣ አክስቴም እረፍት ይገባታል ብሎ ነገሩን ዘጋው። እውነቱን ብነግረው ቃሌን እበላለሁ፣ ባልነግረው አንድ አሮጊትና አንድ ሽማግሌ በአንድ ጣሪያ ሥር ለየብቻ ይሞታሉ። ሆዴ ነገር ሲይዝ የመጀመሪያው ነበርና በጣም አመመኝ።

ሣር ታጭዶ እንደገባ ካሲያን መጣ። ዝምተኛ አይደለም፣ እየሠራ ያፏጫል። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እየፈታ፣ በጀርባቸው በጠመኔ ምልክት እያደረገ ግቢው ውስጥ አሰለፋቸው። ምድጃው ሁሉ ፈርሶ ሲወጣ ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ቀዳዳ ቀረ። በቀዳዳው ወዲያ ኮሪደሩ፣ የአክስት ፊሎሜና ባልዲ፣ የአክስት ፊሎሜና ጫማ ይታያል። ወንድምና እህት በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። አማቴ አግዳሚውን ስበው ቀዳዳው ትይዩ ተቀመጡ። እህታቸው ውኃ ይዘው ያልፋሉ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ። የሚያወሩለት ምድጃ የለም፣ የሚቆሰቆሰውም እሳት የለም። ከመሐላቸው በቀር ምንም ነገር አልለያቸውም።

አማቴ ማለዳ ማውራት ተዉ። ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አረቄው ሳይነካ ያድራል። ላሟ እንዴት ናት ስላቸው «ደህና ናት» ብቻ ይሉኛል። ላሚቱ በእግሯ እንደምታነክስ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ቀናቸውን የጀመሩት ለእህታቸው በመንገር ነው፤ አሁን ቀናቸው አይጀምርም ነበር። አይቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽም፣ ጎተራ ገብቼ አለቀስኩ።

ካሲያን መሠረቱን ደልድሎ ጨረሰና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጠየቀ። አፉ በየት በኩል ይሁን፣ አንዴ ከሠራሁት ዙር ቢሉት አይዞርም አለ። አልባን ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የመስታወት በር አንስቶ «በዚህ» አለ። አማቴ መሬት መሬት ያያሉ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እግዜር ለነገረኛም ያስባል። እኛ ጋ ሁለት ወራሽ የሚጋራው ግድግዳ ሊነካ ሲል ሁለቱም ባለቤቶች እቦታው ቆመው በአፋቸው ካልፈቀዱ አንድ ድንጋይ አይነሳም፣ አንድም አይቀመጥም። ወረቀት አይደለም፣ ቃል ነው። ማፍረሱን ጠራጊው ስላዘዘ ማንም አልጠየቀም ነበር፤ ማዞሩን ግን ጠራጊ አላዘዘም።

«የአፉ ባለቤት ሳይፈቅዱ?» አልኩ። «ግድግዳው የጋራ ነው።»

አልባን ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ካሲያን ግን ማፏጨቱን አቆመ፤ እውነቷን ነው፣ ያለ ሁለቱ ቃል በጋራ ግድግዳ ላይ ሸክላ ካስቀመጥኩ በሸለቆው ሥራ የሚሰጠኝ የለም አለና በቀዳዳው ተጣራ። አክስት ፊሎሜና ድንች እየላጡ ነበር መሰል፣ ድንቹንና ቢላዋውን እንደያዙ መጥተው ወዲያ ማዶ ቆመው መላጣቸውን ቀጠሉ። ካሲያን ጠየቃቸው። «የሙቁ ክፍል ባለቤት እንዳለ» አሉ። ዞሮ አማቴን ጠየቃቸው። «የኮሪደሩ ባለቤት እንዳለች» አሉ። መልሶ ወዲያ፣ መልሶ ወዲህ። ምድጃ ሠሪው ትዕግሥቱ አለቀ።

«እኔ ጭቃ ነው የማቦካው፣ የግትር መልእክት አላመላልስም» አለ። «ምድጃው ፈርሷል፣ ግድግዳው ክፍት ነው፣ አፍ አላችሁ።»

አማቴ ከአግዳሚው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ማዕዘን ላይ ያለውን መስቀል ቀና ብለው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ሊወጡ ነው ብዬ ነበር። ወደ ቀዳዳው ነው የሄዱት።

«ፊሎሜና» አሉ። «አፉ ወደዚህ ከዞረ፣ ጠዋት ለማን ነው የማወራው?»

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ። አክስት ፊሎሜና ወንድማቸውን አዩአቸው፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ገበያ በሬ።

«ምላስህ አልደረቀም» አሉ።

«አልደረቀም።»

«ያን ሁሉ ዓመት ፈርተን የኖርነው በከንቱ ነዋ።» ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ አንዴ ጠርገው አልበቃቸውም፣ ደግመው ጠረጉ። «አፉ እዚሁ ነው የሚሆን። በስተርጅና ተኝቼ ማርፈድ ልማር እንዴ? ደግሞ ጆሮ አለኝ፣ ስትናገር አትጩህ፤ ግድግዳው እንጂ እኔ አልደነቆርኩም።»

አልባን የመስታወት በሩን እንደታቀፈ ቀረ። ሚስቱ ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች ያኔ ገባው መሰለኝ፤ ማታ ላይ ጫማዬን ወልውሎ አገኘሁት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አዲስ ምድጃ ስንጥቅ የለውም። ካሲያን ጥጉን በጭቃ ሊደፍን ሲል ጠጋ አልኩና ከምድጃው አጠገብ፣ ከጭሱ ራቅ አድርጎ፣ ግድግዳውን የሚያልፍ ትንሽ ቀዳዳ እንዲተውልኝ፣ በቀዳዳው አፍ ላይም የተበሳሳ ሸክላ እንዲያደርግበት ጠየቅሁት። ለምንሽ ነው አለኝ። ለአየር አልኩት። «ለአየር» አለ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ አግዳሚውን አየና እያፏጨ ሠራልኝ።

አሁን ክረምት ነው። እንጨቱ አመሻሽ ላይ ይደረደራል፣ እሳቱ ጎህ ሲቀድ ይነዳል። ኖትቡርጋ ታርቀው ሳለ ለምን በአንድ ገበታ አይበሉም ብላ ትጠይቀኛለች። ሞክረዋል፤ አንድ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚሉት ጠፍቷቸው ጨው ሲቀባበሉ ዋሉ። በበነጋው ሸክላው ሲሞቅ ሁለቱም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ልዩነቱ አሁን ከግድግዳው ወዲያም ድምፅ ይመጣል፣ መቆስቆሻው ሥራ ፈትቷል። የመስታወቱን በር የዶሮ ቤት መስኮት አደረግሁት፤ ዶሮዎቹ ደስ ብሏቸዋል።

እኔም ቁርስ ሳሰናዳ ምድጃውን የምወለውል መስዬ ጠጋ እላለሁ። የሰው ጨዋታ ሲቆራረጥ ደስ አይለኝም። ዛሬ ማለዳ ጨርቄን ይዤ፣ ጉንጬን ለብ ባለው ሸክላ ላይ አድርጌ፣ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው ሰጠሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ዘመድ ነው።

«ያቺ ምራትህ ዛሬም ተለጥፋለች?» አለ የአክስት ፊሎሜና ድምፅ።

አማቴ ዘወር ብለው አዩኝ። ዓይኔን ወደ ጨርቁ ሰበርኩ።

«ተለጥፋለች» አሉ።

«እንግዲያው አግዳሚው ላይ ቦታ ስጣት። አንገቷ ይታመማል።»

አማቴ ፈቀቅ አሉልኝ። ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለጠፍኩ። ከዚያ ስለ ክኖደሌ ጀመሩ።